«ትናንት ምን ስትሠራ ዋልህ?»፦ ልጆችን ስለ ኑሯቸው እንዴት እንጠይቅ

በመንዝ ደጋ ላይ አንድ የአሥር ዓመት ገደማ ልጅ «ሥራ ትሠራለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «አልሠራም» አለኝ። ጅራፉን ትከሻው ላይ ጥሎ ባናውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል፤ ከኋላው ሃያ ሦስት በጎች ይግጣሉ። መጠይቁ ላይ «አይሠራም» ከሚለው ፊት ምልክት አድርጌ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፍሁ። በጎቹን የቆጠርኋቸው እኔ ነኝ፤ አይሠራም ብዬ የጻፍሁትም እኔው ነኝ።

ልጁ አልዋሸም። በእሱ ቤት ሥራ ማለት አባቱ የሚያርሰው እርሻ ነው፤ አለበለዚያም ከተማ ወርደው ገንዘብ የሚያገኙበት ነገር ነው። በግ መጠበቅ እንደ መብላትና እንደ መተኛት ያለ ነገር እንጂ ስም የሚወጣለት ሥራ አይደለም። ከዚያ ወዲህ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ፣ በጣርማበርና በቀወት ቆላ መጀመሪያ መረጃ ሰብሳቢ፣ በኋላም ተቆጣጣሪ ሆኜ ብዙ ልጆች ጠይቄአለሁ። ከዚህ በታች ያለው በአብዛኛው ከተሳሳትሁት የተማርሁት ነው። በወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ በትምህርት ቤት ወይም በማኅበር ሆናችሁ የልጆችን ቃል ይዛችሁ ባለሥልጣን ፊት ለመቅረብ ላሰባችሁ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ለምን ልጆቹን ራሳቸውን? ስለ ልጆች በወረቀት የሰፈረው አብዛኛው ነገር ከአዋቂ አፍ የመጣ ስለሆነ ነው። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናትን ብንወስድ ዋና ተጠያቂዎቹ ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች ናቸው። እናት ስለ ክትባትና ስለ ተቅማጥ ጥሩ ምስክር ናት፤ ልጇ ትምህርት ቤት ሲሄድ የማን ቤት ውሻ እንደሚያስፈራው ግን ላታውቅ ትችላለች። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 12 ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ይደነግጋል። መንገዱም አዲስ አይደለም፦ «ያንግ ላይቭስ» የሚባለው ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ ብቻ ወደ 3,000 የሚጠጉ ልጆችን እስኪያድጉ ድረስ እየተከታተለ ጠይቋል።

አንደኛ፦ መልሱን የሚፈልገው ማን እንደሆነ እወቁ

መጠይቅ ከመጻፋችሁ በፊት ውሳኔውን የሚወስነውን ሰው አግኙትና «ምን ብታውቅ እቅድህን ትለውጣለህ?» በሉት። መልሱ እቅዱን የማይለውጥለትን ጥያቄ ሰርዙት። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ውጤቱን ሰኔ ላይ ይዞ መቅረብ ሠርግ ካለፈ በኋላ እንደ መድረስ ነው። ከመጋቢት በፊት ጨርሱ።

ሁለተኛ፦ ልጆቹን ፈልጓቸው

ቀላሉ መንገድ ትምህርት ቤት ሄዶ ክፍል እየመረጡ መጠየቅ ነው። እኔ አልወደውም። ክፍል ውስጥ የምታገኙት ዕለቱን ክፍል የመጣውን ልጅ ነው፤ ተረኛ ሆኖ ከብት ይዞ የወጣው ወንድሙ አይቆጠርም። ቤት ለቤት መሄድ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ጉድለት አለው። «ስንት ልጅ አለዎት?» ስትሉ ሰዎች የሚቆጥሩት የወለዱትን ነው። ከገጠር መጥታ ደብረ ብርሃን ከተማ ሰው ቤት የምትሠራ የ12 ዓመት ልጅ በዚህ ጥያቄ አትገኝም፤ ብትገኝም «ዘመድ ናት» ተብላ ታልፋለች። ስለዚህ «ትናንት ማታ በዚህ ቤት ያደሩ ልጆች ስንት ናቸው?» በሉ። አዳር ዝምድና አያጣራም።

በሰሜን ሸዋ በተለይ የሚረሱ አንድ ወገን አሉ፦ የቆሎ ተማሪዎች። ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንግተው በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚሉት ልጆች በቤተሰብ መዝገብም በትምህርት ቤት መዝገብም ላይ የሉም፤ የሚያድሩት በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ባሉ ጎጆዎች ነው። እነሱን ለማግኘት የኔታን ማስፈቀድ ግድ ነው፤ ያውም ከትምህርት ሰዓት ውጭ።

ሦስተኛና አራተኛ፦ ፈቃድና አቀማመጥ

እነዚህን ሁለቱን አብሬ የማነሣው በተግባር የማይለያዩ ስለሆኑ ነው። የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከዚያ የልጁ የራሱ ፈቃድ። የወላጅ መስማማት የልጁን አይተካም። ጥናቱ የምርምር መልክ ካለው ደግሞ አስቀድሞ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፊት ማለፍ አለበት።

ወላጅ ፊርማን ይፈራል፤ ትክክልም ነው። ወረቀት ላይ መፈረም ለእሱ የማዳበሪያ ዕዳ ነው፣ ግብር ነው፣ የመሬት ጉዳይ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ከማውጣታችሁ በፊት ተቀምጣችሁ አውሩ፤ ቡናም ከቀረበ ጠጡ። እርዳታ እንደማታመጡ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። በነጭ ላንድክሩዘር በር ድረስ ከሄዳችሁ ግን ብትምሉም የሚያምናችሁ የለም። የሴፍቲኔት ምዝገባ ነው ተብሎ ከጎጥ ጎጥ ይወራል፤ በማግሥቱ የጎጡ ልጆች ሁሉ አንድም በግ የሌላቸው ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። መኪናውን ዋናው መንገድ ላይ አቁማችሁ በእግር ግቡ።

የቀበሌ መሪ ቤቱን ያሳያችሁና ይመለስ። አብሯችሁ ከተቀመጠ የምትሰበስቡት የእሱን መልስ ነው። እናትም አጠገቡ ከሆነች ልጁ ከእያንዳንዱ መልስ በፊት ፊቷን ያያል። በሌላ በኩል የማይታወቅ ሰው ልጅን ለብቻው ወደ ጓዳ ይዞ መግባት የለበትም፤ ለልጁም ለእናንተም አይበጅም። ዓይን የሚያየው፣ ጆሮ የማይሰማው ቦታ ምረጡ፦ የአውድማው ጥግ፣ የግቢው አጥር ሥር። ለእናንተ ወንበር ሲያመጡላችሁ አመስግናችሁ አስቀምጡትና ከልጁ ጋር መሬት ላይ ተቀመጡ።

እረኛ ልጅን ስትጠይቁ ደግሞ በጎቹን የሚያይ ሌላ ሰው ይኑር። እኔ ይህን ሳላስብ አንዱን ልጅ አርባ ደቂቃ ያህል አስቀመጥሁት። መልሱ ጣፍጦኝ ስጽፍ በጎቹ የጎረቤት ባቄላ ውስጥ ገቡ። ልጁ ብድግ ብሎ ሲሮጥ የጎረቤትየው ጩኸት ቀደመው። ማታ ምን እንደደረሰበት በማግሥቱ ከእህቱ ሰማሁ። ስለ ልጆች መመታት ልጠይቅ ሄጄ አንዱን አስመታሁ። ከዚያ ወዲህ ቡድኔ ውስጥ አንድ ሰው ሥራው በግ መጠበቅ ብቻ ነው፤ አበሉም ከሌላው እኩል ይከፈለዋል።

አምስተኛ፦ ጥያቄው

ችግሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው።

ብዙ መጠይቅ ከውጭ ተጽፎ ይመጣና ይተረጎማል። «ነፃ ጊዜህን እንዴት ታሳልፋለህ?» የሚለው ለአዲስ አበባ ልጅ ይገባው ይሆናል፤ ለመንዝ እረኛ ግን ጊዜው ነፃ የሚሆነው መቼ ነው? በጎቹ ሲግጡ መሬት ቆፍሮ ገበጣ ይጫወታል፤ ዓይኑ ግን በጎቹ ላይ ነው። ሥራ ነው ወይስ ጨዋታ? ሁለቱንም ነው፤ ሁለቱንም ጻፉ። መጠይቁ አንዱን ብቻ እንድትመርጡ ካስገደዳችሁ ስሕተቱ የመጠይቁ ነው።

ከዚህ የወጣሁበት መንገድ የቀኑን ውሎ ማስቆጠር ነው። «ትሠራለህ?» አይባልም። «ትናንት ከእንቅልፍህ ስትነሣ መጀመሪያ ምን አደረግህ?» ይባላል። «ከብት አወጣሁ»። «ከዚያስ?» «ውሃ»። «ከዚያስ?» እያላችሁ እስከ መኝታ ድረስ አብራችሁት ትሄዳላችሁ። ልጅ ሐሳብ ጠይቁት ይጨነቃል፤ ውሎ ጠይቁት ይተርካል። ሰዓት አትጠይቁት። «ውሃ ስትሄጂ ፀሐይዋ የት ነበረች? ስትመለሺ የትምህርት ቤቱ ደወል ተደውሎ ነበር?» ብትሉ ትነግራችኋለች፤ ሰዓቱን እናንተ ትገምታላችሁ። ኩበት መልቀም፣ የበግ ፀጉር መፍተል፣ ሕፃን ማዘል የሚወጡት እንዲህ ሲጠየቁ ነው። በተለይ ሕፃን ማዘልን ሴቶቹ ልጆች ራሳቸው አይጠቅሱትም፤ «ያን ጊዜ ሕፃኑ የት ነበር?» ስትሉ «ጀርባዬ ላይ» ይላሉ።

አሁን ወደ ትልቁ ጥፋቴ ልምጣ። ይህን የውሎ አጠያየቅ አሠልጥኜ፣ ስድስት መረጃ ሰብሳቢዎች ይዤ በአጨዳ ወቅት በአንድ ቀን ስልሳ ልጆች አስጠየቅሁ። ማታ በፋኖስ ወረቀቶቹን ሳገላብጥ ደነቀኝ፦ አንድም ልጅ አላጨደም፤ አንድም ልጅ ነዶ አልተሸከመም። ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል፣ ዘመድ ጠይቀዋል፣ ተጫውተዋል። ያሠማራኝ ክፍል ባልደረባ በስልክ ስነግረው ደስ አለው፤ «የግንዛቤ ማስጨበጫው ሠርቷል ማለት ነው» አለኝ። በማግሥቱ ያደርንበት ቤት ሽማግሌ ነገሩን ሰምተው ሳቁ። «ልጄ፣ የጠየቃችሁበት ቀን እኮ ኅዳር 22 ነው። ከዚያ በፊት ያለው ቀን ጽዮን ነበረች፤ ማን ማጭድ ያነሣል?»

ስልሳ ወረቀት። ውሸት የለበትም፣ ጥቅምም የለውም።

ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት የበዓላቱን ዝርዝር ያዙ፤ በየወሩ በ12፣ በ19፣ በ21፣ በ23፣ በ27፣ በ29 ያለውን ብቻ ሳይሆን የየአጥቢያውን ታቦትም ጨምሩ። በቀወት በኩል ከሆነ የሙስሊሙን በዓላትና ዓርብን። የገበያ ቀንንም። ጥያቄውን በሳምንቱ ቀኖች ሁሉ በትኑት፤ በእያንዳንዱ ወረቀት ላይም «ትናንት» ምን ቀን እንደነበረ ጻፉ። አንዳንዶች በዓል የዋለባቸውን ቀኖች ጨርሶ ማውጣት ይሻላል ይላሉ። አልስማማም። በእኛ አገር በዓል የወሩ ትልቅ ድርሻ ነው፤ እሱን ካወጣችሁ የልጁ ድካም ከእውነቱ በላይ ይሆናል። በበዓልም ቢሆን በግ ይወጣል፣ ውሃም ይቀዳል።

የምግብ ጥያቄም እንዲሁ ወጥመድ አለው። «ርቦህ ያውቃል?» ቤተሰብን የሚያዋርድ ጥያቄ ነውና ማንም ልጅ «አዎ» አይላችሁም። «ትናንት መጀመሪያ አፍህ የገባው ምንድን ነው? መቼ?» በሉ። ከዚያ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ መሆኑን አስቡ፤ ከፍ ያለ ልጅ እስከ ቀትር ጾሞ ይሆናል። በረመዳንም እንደዚያው። ሳይበላ የዋለ ሁሉ ያጣ አይደለም፤ ጾሜ ነው ያለ ሁሉም ደግሞ ያለው አይደለም። «ጾም ባይሆን ምን ትበላ ነበር?» የምትል አንዲት ጥያቄ ብዙ ታጠራለች።

ስለ ስሜት መጠየቅ ከሁሉ ይከብዳል። «በኑሮህ ደስተኛ ነህ?» ስትሉ መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ለሰላምታ የተማረው ነው፤ ማማረር ነውር መሆኑንም ያውቃል። «ከአሥር ስንት ትሰጠዋለህ?» የሚለውን ሞክሬ ነበር። ልጆቹ ፈተና መሰላቸው፤ ጎበዝ ተማሪ አሥር ከአሥር ያመጣል፤ ሁሉም አሥር አመጡ። «ችልድረንስ ወርልድስ» የተባለው ዓለም አቀፍ የልጆች ጥናት ለ8 ዓመት ልጆች በቁጥር ፋንታ የሚስቁና የሚያዝኑ ፊቶች ሥዕል ይጠቀማል። እሱንም አመጣን። አንዱ ያዘነውን ፊት አይቶ «ይሄ ታሟል» አለን።

የሠራልኝ ጥሬ ባቄላ ነው። አንድ ጣሳና አምስት ፍሬ ለልጁ ትሰጡታላችሁ፤ በጣም ከሆነ አምስቱንም፣ ጥቂት ከሆነ አንዱን፣ ከሌለ ምንም አትክተት ትሉታላችሁ። መጀመሪያ ስለ ዝናብና ስለ ብርድ እየጠየቃችሁ አለማምዱት። ጥሬ ያልሁት በምክንያት ነው፦ መጀመሪያ ቆሎ ይዘን ሄደን አንዱ መልሱን በላብን።

ቃልም ይመረጥ። «ደስተኛ» የመጽሐፍ ቃል ነው። «ባለፈው ሳምንት ደስ ያለህ ቀን የቱ ነበር? ምን ሆኖ?» ከዚያ «የከፋህስ?» በሉ። ስለ ዱላ ስትጠይቁ መጀመሪያ ስለ እሱ አትጠይቁ። «እዚህ አገር ልጅ ሲያጠፋ ምን ይደረጋል?» ብላችሁ ጀምሩ፤ ልጁ ስለ ጎረቤት ሲያወራ ቆይቶ «እኔም ባለፈው...» ይላል። ያን ጊዜ ብዕራችሁን አስቀምጡና ስሙ። ዝምታንም ቶሎ አትሙሉት። የደጋ ልጅ ዘግይቶ ነው የሚመልሰው፤ እስክሪብቶ ስታንቀጫቅጩ የተሳሳተ ይመስለዋል።

ስድስተኛ፦ ዕድሜ፣ ቀንና መሣሪያ

ዕድሜን ከክፍል አትገምቱ። አራተኛ ክፍል የ9 ዓመትም የ15 ዓመትም ልጅ ይቀመጣል። የክትባት ካርድ ካለ እሱን፣ ከሌለ ክርስትና የተነሣበትን በዓል እናቱን ጠይቁ፤ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ስለሆነ ወደ ኋላ ቆጥራችሁ ወሩን ታገኛላችሁ። ዓመቱን ደግሞ ከታላቁና ከታናሹ ጋር አስተያዩ።

ታብሌት ጥሩ ነው፤ ድካም ይቀንሳል። ነገር ግን የተጫነበት ፕሮግራም ቀን የሚቆጥረው በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ሰዓት የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ከሆነ መረጃ ሰብሳቢው በየጥያቄው ልብ ውስጥ ሒሳብ ይሠራል፤ ማታ ላይ ሲደክመው ይሳሳታል። ጠዋት 12 ሰዓት የተነሣችው ልጅ እኩለ ቀን እንደተነሣች ሆና ተመዝግባ አይቻለሁ። እኛ የምንቆጥርበትን አስገቡና መለወጡን ቢሮ ውስጥ ሥሩት። የኔ ምርጫ የመጀመሪያዎቹን ሃያ ልጆች በወረቀት መጠየቅ ነው። ልጁ መስታወቱን ሳይሆን ፊታችሁን ያያል፤ እናንተም መጠይቁ የቱ ጋ እንደሚያነክስ በኅዳጉ ላይ ትጽፋላችሁ።

መረጃ ሰብሳቢው ከዞኑ የተገኘ፣ ከቀበሌው ግን ያልሆነ ይሁን። ያገሩን አነጋገር ያውቃል፤ የልጁን አክስት ግን አያውቅም።

ሰባተኛ፦ ከባድ ነገር ሲመጣ

አንድ ጊዜ የተሰጠን መግቢያ «የምትነግሪኝን ለማንም አልናገርም» ይላል። አንብቤላት ስንጨርስ የ13 ዓመቷ ልጅ «ለጥር ሊድሩኝ ነው» አለችኝ። በሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው፤ እኔ ግን አልናገርም ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ። ዝም ብል እሷን፣ ብናገር ቃሌን ከዳሁ። በመጨረሻ «የምታምኚው ሰው ማነው?» ብዬ ጠየቅኋት። የአማርኛ መምህርቷን ጠራች፤ አብረን ሄደን ነገርናት፤ ጉዳዩን ከዚያ ወዲያ መምህርቷ ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት አደረሰችው።

ያን ዓረፍተ ነገር ከመጠይቃችሁ ሰርዙት። በምትኩ ይህን በሉ፦ «የምትነግሪኝን ለሌላ ሰው አላወራም። ጉዳት የሚያደርስብሽ ነገር ካለ ግን ዝም ማለት አልችልም፤ ለማን እንደምንነግር አንቺና እኔ እንመካከራለን»። ከመውጣታችሁም በፊት የወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ባለሙያ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና ርዕሰ መምህሩ የሚገኙበትን ስልክ ይዛችሁ ውጡ። በተለይ ታኅሣሥ ላይ ከሆነ፤ ድግሱ የሚቆረጠው ለጥርና ለየካቲት ነውና።

ስምንተኛ፦ ማድረስ

ስም የያዘውን ዝርዝር ከመልሱ ለዩና ቆልፉበት። ስም ባትጽፉም «በእገሌ ደብር ያለ የ12 ዓመት የቆሎ ተማሪ» ካላችሁ ቀበሌው በሙሉ ያውቀዋል፤ ደብሩን አውጡት።

ለወረዳው አንድ ገጽ በአማርኛ ይበቃል። ባለሥልጣን ቁጥር ይጠይቃል፤ ቁጥሩን ስጡት፤ ከሥሩ የአንድ ልጅ ቃል ጨምሩ። ስብሰባ ላይ ሰዎች የሚደግሙት ያንን ነው።

ከዚያ በፊት ግን ውጤቱን ወደ ልጆቹ መልሱ። እኔ ይህን ለይስሙላ ነበር የማደርገው። አንድ ጊዜ በትምህርት ቤቱ ግቢ ቆሜ ውሃ መቅዳት ልጆቹን ምን ያህል እንደሚያደክም አነበብሁ። አንዲት ቀጭን ልጅ እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ ይሄ የበጋው ነው። በክረምት ውሃው ጓሯችን ድረስ ይመጣል። ያን ጊዜ የሚያስቸግረን ወንዙ ነው፤ መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር አያሻግርም፤ ትንንሾቹ እስኪጎድል ቤት ይቀራሉ»።

መጠይቃችንን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ አገላበጥሁት። ወንዝ የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። ሪፖርቱ ታትሞ ስለነበር በሁሉም ቅጂ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍነው።